የአበባ ሥዕል በጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ፦ እንዳይወድቅ አድርጎ መስቀል

ደብረ ማርቆስ ያለው የእናቴ ቤት የጭቃ ቤት ነው። ልስኑ የተዋጣለት ስለሆነና ቀለምም ስለተቀባ ላይ ላዩን ያየው ሰው ብሎኬት ይመስለዋል። እኔም የተታለልኩት በዚሁ ነው። ሳሎኑን በአበባ ሥዕል ላሳምር ብዬ የተነሣሁ ሰውዬ መጨረሻዬ የግድግዳ ጠጋኝ መሆን ሆነ። እናንተ ከእኔ ባነሰ ወጪ እንድትጨርሱት ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ሥዕሉ። ከፌስቡክ ያገኛችሁትን ምስል አታሳትሙ፤ ስልክ ላይ ያማረው ሸራ ላይ ይደበዝዛል። የአሜሪካው ጌቲ ሙዚየም የሠዓሊው ቫን ጎግን «አይሪሶች» (አይሪስ የአበባ ስም ነው)፣ የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ደግሞ የሠዓሊው ሞኔን የሱፍ አበባ እቅፍ (እ.ኤ.አ. 1881) በትልቁ በነፃ ማውረድ ይፈቅዳሉ። ለ60 ሳ.ሜ. ኅትመት ረጅሙ ጎን ቢያንስ 3,500 ፒክስል ይኑረው። አይሪሶቹን ቫን ጎግ እ.ኤ.አ. በ1889 ፈረንሳይ፣ ሴን ሬሚ ውስጥ ታክሞ በቆየበት የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ግቢ የሣላቸው ናቸው፤ አግድም የተዘረጉ ስለሆኑ ከሶፋ በላይ ላለ ቦታ ይመቻሉ። የሞኔው ቁመታም ነው፤ በመስኮትና በበር መካከል ላለች ጠባብ ግድግዳ ይሆናል። ሰዎች የሚያደንቋቸውን የድሮ የሆላንድ ሠዓሊዎች አበቦች፣ እንደ ራሔል ሩይሽ ያሉትን፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን ጀርባቸው ጥቁር ነው፤ መስኮቷ ትንሽ የሆነች ሳሎን ውስጥ ያለውን ብርሃን ሁሉ ይውጡታል።

መጠኑን የምታዙት ከዋናው ሥዕል ስፋትና ቁመት ተነሥታችሁ ነው። አይሪሶቹ 94.3 በ74.3 ሳ.ሜ. ናቸው፤ ስለዚህ ስፋቱን 60 ካደረጋችሁ ቁመቱ 47 ይወጣል። ማተሚያ ቤቱ «60 በ40 ነው ያለን» ካላችሁ ወይ ይለጥጡታል ወይ ይቆርጡታል። በአራቱም ጎን ደግሞ ለመጠቅለያ 4 ሳ.ሜ. አስጨምሩ፤ ያለዚያ የዳር አበቦቹ ወደ ፍሬሙ ጎን ይታጠፋሉ።

ሸራ ብለው ባነር የሚሸጡ አሉ። ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት፦ የክር ሽመና ካልታየ ባነር ነው። ባነር ያብለጨልጫል፤ ማታ አምፖል ሲበራ ከአበባው ይልቅ አምፖሉን ነው የምታዩት።

ፍሬሙን አናጢ ይሥራው። ሲወጠር ከማዕዘን አይጀመርም፤ ከየጎኑ መካከል ተጀምሮ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች፣ አንዴ ከግራ አንዴ ከቀኝ እያሉ ወደ ማዕዘን ይኬዳል። ከማዕዘን የተጀመረ ሸራ ይጨማደዳል።

አሁን ወደ መስቀሉ። ብሎኬት ቤት ያላችሁ በትራፓኖ ብሱ፣ ፊሸር (ቡሎኑን የሚይዘውን የፕላስቲክ መሰኪያ) ክተቱ፣ ቡሎኑን አጥብቁ፤ ጨረሳችሁ። የጭቃ ቤት ያላችሁ ግን አብረን እንቆይ።

እኔ የመጀመሪያውን የሰቀልኩት በ5 ሳ.ሜ. ሚስማር ነበር። ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ነሐሴ ውስጥ፣ ዝናቡ ሲያወርደው ባደረ ሌሊት፣ የሞኔ ሱፍ የሰሐን ስፋት ያለው ጭቃ ይዞ ረከቦቱ ላይ ወረደ። የጀበናው አንገት ተሰበረ። እማዬ ኩራዟን ይዛ መጥታ አየችውና «ሱፍህ ደረሰ እንዴ? ዘይቱን አሁኑኑ እንጭመቀው?» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልስኑና ምርጉ አንድ ላይ ከ3 እስከ 5 ሳ.ሜ. ሊወፍሩ ይችላሉ። አጭር ሚስማር ጭቃና ጭድ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው እርጥበት ይስብና ይለቀዋል። ፊሸርም አይሠራም፤ ሲጠብቅ ጭቃውን ይፈረፍረዋል። ሸክሙን መቻል ያለበት ውስጥ የቆመው እንጨት ነው።

ቋሚውን ለማግኘት ግድግዳውን በቢላ ጀርባ አግድም እያንኳኳችሁ ሂዱ። ባዶው ጭቃ የታፈነ «ድብ» ይላል፤ እንጨት ያለበት ጠንከር ያለ «ቋ» ይላል። ጆሯችሁን ካላመናችሁ ልስኑን አስተውሉ፦ ባሕር ዛፉ ሲደርቅ ከላይ ወደ ታች የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ ይተዋል፤ ቋሚው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ነው። ከዚያ ቀጭን ሚስማር በቀስታ ምቱ። ጭቃውን በቀላሉ ያልፍና እንጨት ሲነካ መግባቱ ይከብዳል። እየገባ ከሄደ ወይ ቋሚውን ስታችኋል፣ ወይ ምስጥ ቀድሟችኋል፤ ወደ ሌላው ቋሚ ተሻገሩ። የመብራት ገመድ የሚያልፍበትን ቦታ ግን ከርቀት ተዉት።

ካገኛችሁት በኋላ 10 ሳ.ሜ. ሚስማር ውሰዱ። የደረቀ ባሕር ዛፍ ሚስማር ያጣምማል፤ ጫፉን በደረቅ ሳሙና እሹት፣ ይንሸራተታል። ቋሚው ክብ ስለሆነ መካከሉን ምቱ፤ ዳሩን ከመታችሁ ወደ ጎን ይሸሻል። አናቱ ትንሽ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጋችሁ አዘንብሉት።

ችግሩ ቋሚው እናንተ በፈለጋችሁት ቦታ አለመቆሙ ነው። ሁለት ቋሚዎች ላይ ቀጭን ጣውላ በሚስማር አጋድሜ፣ በግድግዳው ቀለም ቀባሁትና ሥዕሎቹን ከእሱ ላይ ሰቀልኩ። አሁን ቦታ መቀየር ስፈልግ ጭቃውን አልነካም። ከመጀመሪያው እንዲህ ባደርግ ኖሮ ጀበናው ዛሬም ይኖር ነበር።

ከፍታው ላይ ከመጽሔቶቹ ጋር አልስማማም። የሥዕሉ መካከል ከወለል 150 ሳ.ሜ. ይሁን ይላሉ፤ ይህ ለቆመ ሰው ነው። እኛ ቡና ላይ ተቀምጠን፣ ያውም ዱካ ላይ፣ ስለምንውል እኔ 130 አድርጌዋለሁ። ሥዕለ አድኅኖ ያለበትን ግድግዳ ግን አትንኩት። እኔ አበባውን ከጎኑ ላደርግ ስል እማዬ በዓይኗ ብቻ መለሰችኝ።

ከፍሬሙ ጀርባ፣ ከታች በሁለቱ ማዕዘኖች፣ የቡሽ ቁራጭ ለጥፉ። ሸራው ከግድግዳው ጣት ያህል ይርቃል፤ በክረምት ነፋስ ስለሚያገኝ ጀርባው አይሻግትም። ፀሐይ በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳና ከሰል ከሚጨስበት ጥግ አርቁት። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አንሡ።

የወደቀውን ቦታ በሲሚንቶ አትድፈኑ፤ ከጭቃው ጋር አይያያዝም፣ ሲደርቅ ተላቆ ይወድቃል። የጤፍ ጭድ የገባበት ጭቃ አቡክታችሁ ጥቂት ቀን አሳድሩ፣ ቀዳዳውን በውሃ አርጥቡ፣ ከዚያ ምረጉት። የእኔው ጥጋኝ ቀለሙ ትንሽ ስለሚለይ የሞኔን ሱፍ እዚያው ላይ አድርጌ ሸፈንኩት።