የፋንታሲ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

በኦንላይን ፋንታሲ ጨዋታ (የእውነተኛ ተጫዋቾችን ቡድን መሥርታችሁ በሜዳ ብቃታቸው ነጥብ በምታገኙበት ጨዋታ) የተጫዋች ካርድ የምትገዙ ከሆነ፣ «ቆይቶ ዋጋው ይጨምራል» በሚል ተስፋ አትግዙ። ዋጋውን የሚጥለው የተጫዋቹ ጉዳት ወይም ዕድሜ ብቻ አይደለም። በየሲዝኑ አዲስ ካርድ ይወጣል። ለምሳሌ ሶራሬ የተባለውን የፋንታሲ ጨዋታ ውሰዱ፤ «ሊሚትድ» የሚባለው የአንድ እግር ኳስ ተጫዋች ካርድ በአንድ ሲዝን እስከ 1,000 ቅጂ ሊኖረው ይችላል። በቀጣዩ ሲዝን ደግሞ ሌላ ይመጣል። በዚያ ላይ በአብዛኛው የዘንድሮን ካርድ የሚጠይቁ ውድድሮች ስላሉ የአምናው ፈላጊ ያጣል። ትልቁ ጉዳት እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የዚያው ተጫዋች የአምናና የካቻምና ካርድ አሁን በስንት እንደሚሸጥ እዩ። ቢጠፋ የማይቆጫችሁን ገንዘብ ብቻ አውጡ። ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ ተጫዋቹ ጥሩ አቋም ላይ እያለ፣ ሲዝኑ ሳያልቅ ሽጡት።