ከሸሪኮች ጋር የተያዘ የኪራይ ቤት፦ ብድሩ እንዴት ይወሰዳል? ድርሻውስ እንዴት ይገመታል?

የኪራይ ቤት በጋራ ሲያዝ ቀላሉ ሥራ ግዢው ነው። ሸሪኮቹ አዋጥተው፣ ባንክ ቀሪውን አበድሮ፣ ተከራይ ሲገባ ሁሉም ደስተኛ ነው። ጭቅጭቁ የሚነሳው አንዱ «ድርሻዬን ስጡኝና ልውጣ» ያለ ቀን ነው። ያን ቀን መልሱ በውላችሁ ውስጥ ከሌለ በፍርድ ቤት ይፈለጋል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ የማይከፋፈልን ቤት ብዙ ጊዜ የሚያካፍለው አሽጦ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የድርሻው መገመቻ ስሌት ገንዘብ ሳይዋጣ በጽሑፍ ይስፈር። እንዴት እንደሚሰፍር በቅደም ተከተል እነሆ።

መዋጮውን መመዝገብ

ድርሻ በመቶኛ ይጻፋል፤ መዋጮ ግን በገንዘብና በቀን ይመዘገባል። አንዱ ቅድመ ክፍያውን ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ቦታውን ያመጣል፣ ሦስተኛው «ተከራይ መፈለጉንና ጥገናውን ለእኔ ተዉት» ይላል። ለሥራ ድርሻ መስጠትን አልመክርም። ሰውየው ነገ ሥራውን ቢተወው ድርሻው በእጁ ይቀራል። ይልቅስ ለውጭ አስተዳዳሪ የሚከፈለውን ያህል ወርኃዊ ክፍያ ይከፈለው፤ ሥራው ሲቆም ክፍያውም ይቆማል።

ቤቱ ድንገት ገንዘብ ሲፈልግ አንዱ የሚያዋጣው ያጣ ይሆናል። ያኔ ወይ የከፈለው ሸሪክ ድርሻው ያድጋል፣ ወይ የከፈለው ገንዘብ ለቤቱ እንደተሰጠ ብድር ተቆጥሮ ከነወለዱ ይመለስለታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ድርሻ ለመቀየር ቤቱ በዚያ ቀን ስንት እንደሚያወጣ መስማማት ያስፈልጋል፤ ጣሪያው እያፈሰሰ እንዲህ ያለ ስምምነት ማግኘት ከባድ ነው።

ብድሩን መውሰድ

አበዳሪው በመጀመሪያ የሚያየው ብድሩ ከቤቱ ግምት ስንት በመቶ እንደሆነ ነው። ቀጥሎ የተጣራው የኪራይ ገቢ ለዓመቱ የብድር ክፍያ፣ ማለትም ለዋናውና ለወለዱ፣ ስንት እጥፍ እንደሚበቃ ያሰላል። የተጣራው ገቢ 750,000፣ የዓመቱ ክፍያ 600,000 ቢሆን ምጣኔው 1.25 ነው። ብዙ አበዳሪዎች ከ1.2 እስከ 1.25 ያለውን እንደ ዝቅተኛ ወሰን ይይዙታል። ባንኩ ባይጠይቃችሁም እናንተ ራሳችሁ ከዚያ አትውረዱ። ምጣኔው 1 ላይ የቆመ ቤት አንድ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር እጁን ወደ ሸሪኮች ኪስ ይዘረጋል።

ፊርማው ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ጊዜ የምትፈርሙት «በአንድነትና በነጠላ» ኃላፊ ለመሆን ነው። 20 በመቶ ድርሻ ያለው ሰው የዕዳውን 20 በመቶ ብቻ የሚጠየቅ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም፤ ሌሎቹ መክፈል ካቃታቸው ባንኩ ሙሉውን ዕዳ ከእርሱ መጠየቅ ይችላል፤ ከሸሪኮቹ ማስመለሱ የእርሱ ፋንታ ይሆናል። ቤቱን በኩባንያ ስም ብትይዙትም ባንኩ የግል ዋስትና ካስፈረማችሁ ነገሩ ያው ነው። ዋስትናው በድርሻ ልክ እንዲወሰን ከፊርማው በፊት ጠይቁ። ሁልጊዜ እሺ አይባልም፤ ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያነሳላችሁም። እግረ መንገዳችሁን ድርሻ ለሌላ ሲተላለፍ ብድሩ በአንድ ጊዜ ተከፋይ ይሆናል የሚል አንቀጽ፣ ቀድሞ ለመክፈልም ቅጣት መኖር አለመኖሩን አረጋግጡ።

ቤቱን መገመት

ገማቾች ሦስት መንገድ አላቸው፦ ተመሳሳይ ቤት ስንት እንደተሸጠ ማየት፣ እንደ አዲስ ቢሠራ የሚያወጣውን አስልቶ እርጅናውን መቀነስ፣ እና ከሚያስገባው ገቢ መነሳት። ለኪራይ ቤት ዋናው ሦስተኛው ነው፤ የቀሩት ማመሳከሪያ ይሁኑ።

ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ቢከራይ 1,200,000 ያስገባል እንበል። ክፍል ባዶ ለሚያድርበት ጊዜ 5 በመቶ ቀንሱ፤ 1,140,000 ይቀራል። ለግብር፣ ለኢንሹራንስ፣ ለጥገና፣ ለአስተዳደርና ለመጠባበቂያ 390,000 ስትቀንሱ የተጣራው ገቢ 750,000 ይሆናል። የብድር ክፍያ እዚህ አይቀነስም፤ ዕዳ የባለቤቶቹ ጉዳይ ስለሆነ የቤቱን ዋጋ አይለውጥም። የአስተዳደር ወጪ ግን አንዱ ሸሪክ በነፃ የሚሠራው ቢሆንም መቀነስ አለበት። ነገ እርሱ ሲወጣ ሥራው የሚከፈልበት ይሆናልና።

ቀጥሎ በቅርብ የተሸጡ ተመሳሳይ የኪራይ ቤቶችን የተጣራ ገቢ ለሽያጭ ዋጋቸው አካፍሉ። የምታገኙት የገበያው ምጣኔ ነው። 7.5 በመቶ ከሆነ የእናንተ ቤት 750,000 ሲካፈል ለ0.075፣ ማለትም 10,000,000 ያወጣል። ምጣኔው 8 በመቶ ቢሆን 9,375,000 ይወርዳል። ግማሽ ነጥብ ብቻ ናት፤ ልዩነቱ ግን 625,000 ነው። ስለዚህ ምጣኔው ከየት እንደሚወሰድ በውሉ ይጻፍ።

ድርሻውን መገመት

ብዙ ሽርክና የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። እኔ በነበርኩበት አንድ ሽርክና የሚወጣው ሸሪክ የቤቱን ሙሉ ግምት በመቶኛው አባዝቶ፣ ውጤቱን በደብዳቤ ጀርባ ላይ ጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት መጣ። ድርሻውን የሚገዛው ደግሞ የጣሪያ እድሳቱን ደረሰኞች በክር አስሮ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሁለቱም ቅን ሰዎች ነበሩ፤ የተለያየ ነገር እየቆጠሩ መሆኑን የሚያሳያቸው ውል ግን አልነበረም።

ነገሩን ከላይ ባለው ቤት ላይ እንየው። ቤቱ 10,000,000 ነው፣ የሚወጣው ሸሪክ ድርሻ 20 በመቶ ነው፤ በእርሱ ስሌት 2,000,000 ይገባዋል። የባንክ ዕዳው ግን 5,500,000 ነው። የባለቤቶቹ ንጹሕ ሀብት 4,500,000 ብቻ ስለሆነ የእርሱ ድርሻ 900,000 ነው። ለጣሪያው አንዱ ሸሪክ 300,000 አበድሮ ካልተመለሰለት እርሱም ዕዳ ነው። ይቀነሳል፤ 4,200,000 ይቀራል፤ ድርሻው 840,000 ይሆናል። ቤቱ በእርግጥ ቢሸጥ ለደላላ፣ ለስም ዝውውርና ለግብር 400,000 ይወጣ ነበር ብላችሁ ከቀነሳችሁ ደግሞ 760,000 ይደርሳል። በ2,000,000 ተጀምሮ 760,000 ላይ ማብቃቱ ለሚወጣው ሰው መራራ ነው፤ አስቀድሞ ካልተጻፈለት እንደተሰረቀ ይቆጥረዋል።

የሽያጭ ወጪው ይቀነስ አይቀነስ አስቀድማችሁ ወስኑ። ሽያጭ ሳይኖር የሽያጭ ወጪ መቀነስ ለገዢው የሚያደላ ስለሚመስለኝ እኔ አልቀንስም፤ ተቃራኒውን የሚመርጡም በቂ ምክንያት አላቸው። ገማቾች ለአነስተኛ ድርሻ የሚያደርጉት ቅናሽም አለ፦ 20 በመቶ የያዘ ሰው ብቻውን ኪራይ መጨመርም ሆነ ቤቱን መሸጥ ስለማይችል የውጭ ገዢ ለድርሻው ሙሉ ዋጋ አይከፍልም። በሸሪኮች መካከል ግን ይህ ቅናሽ ባይኖር ይሻላል። ካለ ትልቁ ባለድርሻ ትንሹን እያስመረረ በርካሽ እንዲያስወጣው ያበረታታዋል።

ግምቱን ማን ይስጥ? ሁለቱ ወገኖች የየራሳቸውን ገማች ይምረጡ። ልዩነታቸው ከ10 በመቶ ካልበለጠ አማካዩ ይያዝ፤ ከበለጠ ሁለቱ ገማቾች ሦስተኛ ይምረጡና የእርሱ ቃል የመጨረሻ ይሁን። ባንኩ ለብድሩ ያስገመተውን ወረቀት ለዚህ አትጠቀሙበት፤ የተሠራው ለአበዳሪው ጥበቃ ነው። አንዱ ዋጋ ጠርቶ ሌላው «ልግዛ» ወይም «ልሽጥ» ብሎ የሚመርጥበት ዘዴም አለ። ሸሪኮቹ እኩል አቅም ካላቸው ፈጣን ነው። አንዱ ጥሬ ገንዘብ ያለው፣ ሌላው የሌለው ከሆነ ግን ባለገንዘቡ ዝቅ አድርጎ ይጠራና ሌላው ከመሸጥ በቀር ምርጫ ያጣል።

መውጫው

ክፍያው በአንድ ጊዜ የማይቻል ከሆነ በየስንት ወሩ፣ በምን ወለድ እንደሚከፈል ይጻፍ፤ እስኪጠናቀቅም ድርሻው መያዣ ይሁን። አንዱ ቢሞት ወራሾቹ በዚሁ ስሌት እንዲስተናገዱ ጨምሩበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚረሳው የባንኩ ዋስትና ነው። ድርሻን ሸጦ መውጣት ከብድሩ ዋስትና አያስወጣም። የሸሪኮቹ ስምምነት ባንኩን አይገዛውም፤ የወጣው ሰው ቤቱ የእርሱ መሆኑ ካበቃ ከዓመታት በኋላም ለዕዳው ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የሚወጣው ሸሪክ ከዋስትናው ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ሳይደርሰው የድርሻ ማስተላለፊያውን አይፈርም። ባንኩ እምቢ ካለ ቀሪዎቹ ሸሪኮች ብድሩን በራሳቸው ስም እንዲያድሱ ወይም ምትክ ዋስ እንዲያቀርቡ የጊዜ ገደብ ይቀመጥ፤ ገደቡ ሲያልፍ ቤቱ ለሽያጭ ይቅረብ።