ባሕር በሌለበት የባሕር ቴምብር፦ የዛጎልና የባሕር ወፍ ቴምብር እንዴት ይሰበሰባል?

ጎጃም ባሕር የለውም። ዛጎል ግን አለው። እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አገልግል ቆዳው ዙሪያውን በዛጎል ተደርድሯል። ጀርባቸው ለስላሳ ነው፣ ከሆዳቸው በኩል ደግሞ ጥርስ ያለው ስንጥቅ አላቸው። ያንኑ ዛጎል አንድ ቀን ቴምብር ላይ አገኘሁት። ፍቅሩ የያዘኝ ያኔ ነው።

መጀመሪያ ርዕሳችሁን አጥብቡ። «የባሕር ፍጥረት ሁሉ» ካላችሁ ማለቂያ የለውም። ዛጎልና የባሕር ወፍ ይበቃል። ፔሊካንስ? ጣና ላይ የምናየው ነጭ ፔሊካን የሐይቅ ወፍ ነው፤ እኔ ግን አስገብቼዋለሁ። የባሕር ዳር ሰው ፔሊካንን እንዴት ይተዋል?

ከዚያ ማግኘት ነው። ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ደብዳቤ ሲልክ እውነተኛ ቴምብር እንዲለጥፍበት ንገሩት። ለጀማሪ የምመክረው ግን ጎረቤታችንን ጅቡቲን ነው። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ሶማሌ ጠረፍ፣ ከዚያ እስከ 1977 የአፋርና የኢሳ ግዛት፣ ከነጻነት በኋላ ጅቡቲ ተብላለች። በሦስቱም ስም የዛጎል ቴምብር ወጥቷል። አንድ ባሕር፣ ሦስት ስም፤ አንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ በጣም ያምራሉ።

አሁን ዋናው ሥራ፣ ከፖስታው ማላቀቅ። በጣት አትላጡት! የመጀመሪያዋን ቴምብሬን እንደዚያ አድርጌ መሃሏን ቀደድኳት፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ፖስታውን በቴምብሩ ዙሪያ ትንሽ አስተርፋችሁ ቁረጡት። ለብ ባለ ውኃ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡትና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ። ሙጫው ሲለቅ ቴምብሩ ራሱ ይንሸራተታል። በወረንጦ አንሡት፤ ጫፉ የማይወጋ ወረንጦ ይሁን። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ በፊቱ ደፍታችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ከባድ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደር። ባለቀለም ፖስታ ቀለሙን ስለሚለቅ ለብቻው ይነከር። እንደ ስቲከር የሚለጠፉት አዳዲሶቹ ብዙዎቹ በውኃ አይለቁም፤ ከነወረቀታቸው ቆርጣችሁ አስቀምጧቸው። ያልተሠራበት፣ ሙጫው ያለ ቴምብር ደግሞ ጭራሽ ውኃ አይንካው።

የጎጃም ክረምት የቴምብር ጠላት ነው። እርጥበት ከገባ ሙጫ ያላቸው እርስ በርስ ይጣበቃሉ። አልበሙን አቁሙት እንጂ አትደራርቡት። ከግድግዳና ከማድቤት ጭስ አርቁት። ፀሐይ በወጣ ቀን አልበሙን ከፍታችሁ ጥላ ውስጥ አናፍሱት።

ከእያንዳንዱ ሥር፣ ገጹ ላይ፣ አገሩን፣ ዓመቱንና የፍጥረቱን ስም በእርሳስ ጻፉ። የላቲን (ሳይንሳዊ) ስሙ ብዙ ጊዜ ቴምብሩ ላይ በደቃቁ ታትሟልና አጉሊ መነጽር ያዙ። «ሲፕሪያ» (Cypraea) የሚል ካነበባችሁ የአገልግሉ ዛጎል ዘመድ ነው። እሱን የመጀመሪያው ገጽ ላይ አድርጉት።