ከሩቁ ደሴት ይጀምሩ፤ በሲሸልስ ደሴቶች መካከል የሚደረግ ጉዞ ዕቅድ አወጣጥ

በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑት የሲሸልስ ደሴቶች በቁጥር 115 ናቸው። የአንድ ሳምንት ዕረፍት ያገኘ ሰው ግን በቅጡ ሊያያቸው የሚችለው ሦስቱን፣ ማለትም ማሄን፣ ፕራስሊንንና ላ ዲግን ነው። ሦስቱም የግራናይት ደሴቶች ሲሆኑ መደበኛ ጀልባ ያገናኛቸዋል፤ ማረፊያውም ከቤተሰብ የእንግዳ ቤት እስከ ቅንጡ ሆቴል ድረስ አለ። አልዳብራን የመሰሉት የኮራል ደሴቶች ከማሄ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ስለሚርቁ ለብቻቸው ዝግጅትና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ እዚህ አላነሣቸውም።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለሲሸልስ ቪዛ አይጠየቅም። ሆኖም ከመነሣቱ በፊት በኢንተርኔት ቅጽ ሞልቶ የጉዞ ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው፤ ቅጹም የመመለሻ ቲኬትና የማረፊያ ማስረጃ ይጠይቃል። ድንኳን ተክሎ በባሕር ዳር ማደር በሕግ የተከለከለ ስለሆነ፣ እያንዳንዱን ሌሊት በየትኛው ደሴት እንደሚያድሩ ከቤትዎ ሳይወጡ መወሰን ይኖርብዎታል።

አብዛኛው ሰው ማሄ ላይ አርፎ፣ ማሄን ጎብኝቶ፣ ከዚያ ወደ ፕራስሊንና ወደ ላ ዲግ ይሄዳል። እኔ የምመክረው ተገላቢጦሹን ነው። ዓለም አቀፉ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው በማሄ ብቻ ሲሆን፣ ጀልባ ደግሞ በነፋስ ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። የመጨረሻውን ሌሊት ላ ዲግ ላይ ያደረ ሰው በማግስቱ ባሕሩ ቢያስቸግረው አውሮፕላኑ ያመልጠዋል። ስለዚህ በደረሱበት ቀን የሚነሣ ጀልባ ካገኙ በቀጥታ ወደ ላ ዲግ ይሻገሩና ሦስት ሌሊት ይደሩ፤ ከዚያ ሁለቱን በፕራስሊን፣ የቀሩትን ሁለቱን በማሄ ያሳልፉ። አውሮፕላንዎ ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ከሆነና የዕለቱ ጀልባ ካመለጠዎት አንድ ሌሊት ማሄ ቢያድሩም ቅደም ተከተሉን አይለውጡት።

ወሩን ሲመርጡ ከዝናቡ ይልቅ ነፋሱን ያስቡ። ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ አየሩን ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ያደርገዋል፤ ባሕሩን ግን ያናውጠዋል። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ነፋሱ አቅጣጫውን ቀይሮ ከሰሜን ምዕራብ እየነፈሰ ሙቀትና ዝናብ ያመጣል። በሁለቱ መካከል ያሉት ሚያዝያ፣ ጥቅምትና ኅዳር ባሕሩ ረግቶ ወለሉ ድረስ የሚታይባቸው ወራት ናቸው። ችግሩ የእኛ የክረምት ዕረፍት የሚውለው ነፋሱ በበረታበት በሐምሌና በነሐሴ መሆኑ ነው። ከልጆች ጋር በእነዚህ ወራት መሄድ ግድ ከሆነ፣ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚያዩትን የባሕር ዳርቻዎች ይምረጡ፤ በማሄ ቦ ቫሎን፣ በፕራስሊን አንስ ላዚዮ በዚያ ወቅት የተከለሉ ናቸው።

ከማሄ ወደ ፕራስሊን ፈጣኑ ጀልባ የሚወስደው አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ከፕራስሊን ወደ ላ ዲግ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃል። ትንሿ አውሮፕላንም ከማሄ ፕራስሊን በሩብ ሰዓት ታደርሳለች፤ ዋጋዋ ከጀልባው ይበልጣል፣ የሻንጣ ክብደትም ትቆጣጠራለች። እኔ በሐምሌ ወር ስሻገር ባሕሩን ላይ ብዬ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጥሁ፤ ከወደቡ በወጣን በአሥር ደቂቃ ውስጥ የጀልባው አፍንጫ እየተነሣ ሲወድቅ ሆዴም አብሮት ይነሣና ይወድቅ ጀመር፤ ባሕሩን ሳላየው ዓይኔን ጨፍኜ ፕራስሊን ደረስሁ። ስመለስ በታችኛው ፎቅ ከኋላ በኩል ተቀምጬ፣ አድማሱን እያየሁ፣ ዝንጅብል እያኘክሁ በሰላም ገባሁ። የማቅለሽለሽ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመሳፈሩ በፊት ይውሰድ፤ ማዕበሉ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም። ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ሰዓት እኛ የለመድነው አቆጣጠር አለመሆኑን፣ የሲሸልስ ሰዓትም ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም አይርሱ፤ «7፡30» የሚለው እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው።

ላ ዲግ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ የሆነች፣ መኪና የማይበዛባትና ሰው በብስክሌት የሚንቀሳቀስባት ደሴት ናት። ከጀልባው እንደወረዱ የሚያከራዩት ሰዎች ይቀበሉዎታል፤ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ፍሬኑን ጨብጠው ይሞክሩ፣ ወደ ግራንድ አንስ የሚወስደው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነውና። ዝነኛው አንስ ሱርስ ዳርዣን የሚደረስበት በአሮጌው የኮኮናት እርሻ፣ በዩኒየን እስቴት በኩል ሲሆን መግቢያ ይከፈላል። እዚያ ትልቅ ቁም ነገሩ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሰዓት ሠንጠረዥ ማየት ነው። ባሕሩ ሲጎድል ውኃው ከጉልበት አይበልጥም፤ ዝሆን የሚያካክሉትን ድንጋዮች እየዞሩ በእግር ለመሄድ ይመቻል እንጂ አያዋኝም። ሲሞላ ደግሞ ዋናው ያምራል፣ የእግር መንገዱ ግን ይጠባል። ጠዋት ማልደው ከገቡ ቦታውን ሰው ሳይሞላው ያዩታል። በማዶ ያለው ግራንድ አንስ ለዓይን እጅግ ያማረ ቢሆንም ወደ ጥልቁ የሚስብ ኃይለኛ ሞገድ ስላለው፣ በተለይ በደቡብ ምሥራቁ ነፋስ ወቅት፣ ዋና የሚችል ሰው እንኳ ሊገባበት አይገባም።

ፕራስሊን ላይ አውቶቡስ ስላለ መኪና መከራየት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የቫሌ ደ ሜ ጫካ ሳያዩ ግን አይመለሱ። ዘሩ በክብደት በዓለም ላይ ወደር የሌለው የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ በተፈጥሮ የሚበቅለው በፕራስሊንና በጎረቤቷ ኩሪዩዝ ብቻ ነው፤ አንዱ ፍሬ እስኪበስል ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ነፋስ ሲነሣ ሰፋፊዎቹ ቅጠሎች እርስ በርስ ሲጋጩ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳሉ፤ ያንን ድምፅ ለመስማት ከቡድን ተለይተው ጥቂት ቆም ማለት ይበቃል። ጥቁሩ በቀቀን እዚያ ይኖራል፤ ከማየትዎ በፊት ፉጨቱን ይሰማሉ።

ከፕራስሊን በትንሽ ጀልባ የግማሽ ቀን ጉዞ ማድረግ ይቻላል። ኩሪዩዝ ቀድሞ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ተለይተው ይኖሩባት የነበረች ደሴት ስትሆን፣ ዛሬ ግዙፍ የየብስ ኤሊዎች እንደ ልባቸው ይመላለሱባታል። ወፍ ለሚወድ ሰው ኩዘን ትሻላለች። ይህች ደሴት በ1968 እ.ኤ.አ. ተገዝታ ለወፎች መጠበቂያ የተደረገችው የሲሸልስ ዋርብለር የምትባለው ትንሽ ወፍ ልትጠፋ ስለነበር ነው። እዚያ ጀልባዎ ወደ ዳር አይጠጋም፤ የደሴቲቱ ጠባቂዎች በራሳቸው ጀልባ መጥተው ከባሕሩ ላይ ይወስዱዎታል። ይህን የሚያደርጉት አይጥ በእንግዳ ጀልባ ተሳፍራ ገብታ እንቁላል እንዳትበላ ነው። ጠባቂዎቹ ጀልባውን በሙሉ ፍጥነት አሸዋው ላይ አውጥተው ስለሚያቆሙት ጠበቅ አድርገው ይያዙ፤ ካሜራዎንም ውኃ በማያስገባ ከረጢት ያድርጉት።

ማሄ ላይ መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ከመሆኑም በላይ የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ፣ ያልለመደ ሰው በርካሹ አውቶቡስ ቢሄድ ይሻለዋል። በዋና ከተማዋ በቪክቶሪያ ገበያውንና በ1903 እ.ኤ.አ. የቆመውን የሰዓት ማማ ለማየት አንድ ጠዋት በቂ ነው። ምሳዎን ከሆቴል ይልቅ በሣጥን ከሚሸጡት ትናንሽ ቤቶች ይግዙ፤ ሩዝ፣ የዓሣ ወጥና ምስር ይገኛል። ጿሚ ከሆኑ ሙዝ ወይም ስኳር ድንች በኮኮናት ወተት የሚቀቀልበትን ላዱብ ይጠይቁ፤ ወተቱ ከፍሬው የሚጨመቅ ስለሆነ ጾም አያስፈታም።

ዛጎልና ኮራል ከባሕር ዳር ለቅመው ወደ ሻንጣ አይክተቱ። ኮኮ ደ ሜር መግዛት ከፈለጉም ሕጋዊ የምስክር ወረቀት ካለው ሻጭ ብቻ ይግዙና ወረቀቱን ከፓስፖርትዎ ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዙት፤ ፍሬውን ከአገር ሲያስወጡ የሚጠየቁት እርሱን ነው።