ፕሮቲን ከሊፒድ ሽፋን ጋር ሲጣበቅ፦ በአሲዳማነትና በካልሲየም ዙሪያ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አንድ ፕሮቲን ከሊፒድ (ቅባታማ ሞለኪውል) ሽፋን ጋር መጣበቁ በሊፖሶም፣ ማለትም ከሊፒድ በተሠራ ጥቃቅን ከረጢት፣ ሲፈተን፣ ውጤቱን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ፕሮቲኑ ሳይሆን ባፈሩ፣ ማለትም ፒኤችን (የአሲዳማነት መለኪያውን) እንዳይለዋወጥ የሚይዘው ፈሳሽ፣ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መወገድ ያለበት ስህተት፣ ካልሲየም ያልተጨመረበትን ባፈር ካልሲየም የሌለው አድርጎ መቁጠር ነው። የጣና ውሃ ካልሲየም እንዳለው ማንም አይስተውም፤ ይሁን እንጂ በዲስቲልድ ውሃ የተዘጋጀ ባፈርም ከጨዎቹና ከመስታወት ዕቃው ጥቂት ማይክሮሞላር ሊያገኝ ይችላል። በዕረፍት ላይ ባለ ሕዋስ ውስጥ ያለው ነፃ ካልሲየም 0.1 ማይክሮሞላር ገደማ ስለሆነ፣ ይህ ቀላል ብክለት አይደለም። ስለዚህ መነጻጸሪያው ናሙና ኢጂቲኤ (ካልሲየምን አጥብቆ የሚይዝ ውህድ) ሊኖረው ይገባል።

ከዚሁ መፍትሔ የሚወለደው ስህተት ግን ይበልጥ የተሰወረ ነው። ኢጂቲኤ በገለልተኛ ፒኤች ካልሲየምን ሲይዝ ሁለት ያህል ፕሮቶኖችን ስለሚለቅ፣ ባፈሩ ደካማ ከሆነ ካልሲየም የጨመረው ተማሪ ሳያውቀው አሲድም ጨምሯል። ፒኤች በአንድ ሲወርድ ደግሞ የኢጂቲኤ የመያዝ ኃይል ወደ 100 እጥፍ ይደክማል፤ በ7.4 ላይ የተሰላው የነፃ ካልሲየም መጠንም በ6 ላይ ፈጽሞ አይሠራም። ስሌቱ ለየፒኤቹ እንደገና ሊሠራ፣ ፒኤቹም ካልሲየሙ ከገባ በኋላ ዳግም ሊለካ ይገባል። የአሲድንና የካልሲየምን ሥራ አደባልቆ ለአንዱ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ይህን ከሁሉ የከፋ እቆጥረዋለሁ።

ፎስፌት ባፈር ከሚሊሞላር ካልሲየም ጋር ይዘቅጣልና ሄፔስ የተባለው ባፈር ይመረጣል። ትሪስ የተባለው ሌላ ባፈር ደግሞ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፒኤቹ 0.3 ያህል ስለሚወርድ፣ በባሕር ዳር የጠዋት ቅዝቃዜ የተስተካከለው ከቀትር በኋላ በሚሞቀው ክፍል ሌላ ባፈር ይሆናል።

ሊፖሶሞቹ ከያዙት ፕሮቲን ጋር እንዲዘቅጡ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከሩ፣ በዝቃጩ ውስጥ የተገኘውን ፕሮቲን ሁሉ «ተጣብቋል» ማለትም የተለመደ ነው። ፒኤቹ ወደ ፕሮቲኑ አይሶኤሌክትሪክ ነጥብ (ድምር ቻርጁ ዜሮ ወደሚሆንበት ፒኤች) ሲቀርብ ፕሮቲኑ ያለ ሊፖሶም ተሰባስቦ ሊዘቅጥ ይችላል። ፎስፋቲዲልሴሪን (ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ሊፒድ) የበዛባቸውን ሊፖሶሞችም ካልሲየም ያቆላልፋቸዋል፤ ያለ ካልሲየም ተንሳፍፈው ይቀሩ የነበሩ ትናንሾች ያን ጊዜ ስለሚዘቅጡ፣ የጨመረው ትስስሩ ሳይሆን የወረደው ሊፒድ ሊሆን ይችላል። በዝቃጩ ያለው ሊፒድ ካልተለካ ይህን መለየት አይቻልም።

በመጨረሻም፣ ካልሲየም ሁልጊዜ ትስስርን ያጠናክራል ብሎ መደምደም አይገባም። ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለው ሽፋን ፕሮቶንንም ካልሲየምንም ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ የገጹ ፒኤች መለኪያው ከሚያሳየው ያንሳል፤ ካልሲየም ያንን ቻርጅ ሲሸፍን ደግሞ በፖዘቲቭ ቻርጁ ብቻ የተያዘ ፕሮቲን ሊላቀቅ ይችላል። አኔክሲን ኤ5 የተባለውን ፕሮቲን ከፎስፋቲዲልሴሪን ጋር የሚያገናኘው ካልሲየም ሲሆን፣ የዲፍቴሪያ ቶክሲን ግን ወደ ሽፋኑ የሚገባው በኢንዶሶም (ሕዋሱ ከውጭ የዋጠውን በሚይዝበት ከረጢት) አሲድ ተገፍቶ ነው። ኢጂቲኤ ሲጨመር የመጀመሪያው ይለቃል፤ ሁለተኛው አይለቅም።