ከእንገር እስከ ገንፎ፦ ክትባት ክፍል የማያቸው ስህተቶች

እንገር መድፋት። ቢጫና ወፍራም ስለሆነ «የተበላሸ ወተት ነው» ይባላል። አይደለም፤ በሽታ የሚከላከልለት እሱ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። «ወተቴ ትንሽ ነው» ብላችሁ አትደንግጡ፤ በመጀመሪያው ቀን የሚበቃው በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነው።

ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃ፣ የአብሽ ውሃ። ጤና ባለሙያ ካዘዘው መድኃኒት በቀር እስከ 6 ወር ከጡት ሌላ ምንም አይሰጥም። «ቆላ ነው፣ ይጠማዋል» የምትሉም፣ የእናት ወተት ከመቶ 87 እጁ ውሃ ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ፦ ቀጭን አጥሚት። ባለፈው አንዲት አያት የአሥር ወር የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ክብደቱ አልጨመረም። «እማማ፣ ምን ትሰጡታላችሁ?» አልኳቸው። «ኧረ ሲስተር፣ አጥሚቱማ በቀን ሦስቴ ነው!» ብለው ጡጦውን ከዘንቢል አወጡ። ገለበጥኩት፤ ጠብ ጠብ ይላል። በጡጦ ጫፍ የሚያልፍ ነገር እኮ ምግብ አይደለም! ሆዱን በውሃ ሞልቶ ጡቱንም ያስተወዋል። «ያንቀዋል ብዬ ነው» አሉ። አያንቀውም። ገንፎው ይለስልስ እንጂ አይቅጠን፤ ማንኪያው ሲዘነበል ቶሎ መፍሰስ የለበትም። የገብስ ዱቄቱ ላይ የሽምብራ ወይም የምስር ዱቄት ጨምሩ። እንቁላል፣ የተፈጨ ጎመን፣ ጠብታ ዘይት ጨምሩበት። ከ6 ወር በኋላ በተለይ ብረቱን የጡት ወተት ብቻውን አይችለውም።

ልጁ ቁመቱ ሲያጥር «አባቱም አጭር ነው» እያላችሁ አትለፉት። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ ነበሩ። ይህ ሁሉ የአባት ቁመት ነው እንዴ? መቀንጨር ጉንጩ ሞላ ያለ ልጅ ላይም ይኖራል፤ የሚታወቀው ቁመት ሲለካ ነው። አእምሮውንም ይነካል። ከ2 ዓመት በኋላ ደግሞ የጎደለውን መመለስ ከባድ ነው።

ጾም ሲገባ ሕፃኑን አብሮ ማስጾም። ሃይማኖቱ ሕፃን ይጹም አላለም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ድስቱ ነው፤ «ዕቃው ይነካብኛል» ተብሎ እንቁላሉ ይቀራል። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይታችሁ አስቀምጡ፣ አለቀ።

ዳቦ በሻይ። ሻይ ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀማዋል። ተዉት።

ተቅማጥ ሲይዘው ጡት ማስተው። ያን ጊዜ ነው ደጋግሞ ማጥባት። ሲሻለው ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ምግብ ጨምሩለት።