ከአዲስ አበባ በሕዝብ መኪና ሄዶ ተራራ እንዴት ይወጣል?

የራሳችሁ መኪና የላችሁም? ግድ የለም። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት አብዛኞቹ ተራሮች በታክሲ፣ በሚኒባስና በቅጥቅጥ ይደረስባቸዋል። የሚያስቸግረው መመለሻው ነው። የሕዝብ መኪና ሲሞላ እንጂ ሰዓት ጠብቆ አይነሳም። ጠዋት ቶሎ ይሞላል። ከሰዓት በኋላ ግን ከገጠር ከተሞች ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው መኪና እየሳሳ ይሄዳል። ስለዚህ እቅዱን ከመጨረሻው ጀምሩ። የመጨረሻዎቹ መኪኖች ስንት ሰዓት ያልፋሉ? ከዚያ ወደኋላ እየቆጠራችሁ መነሻ ሰዓታችሁን ታገኛላችሁ።

ለምሳሌ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለ ቦታ ለመሄድ አስባችኋል እንበል። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አስፋልት ዳር መሆን አለባችሁ። ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ ከደረሳችሁ መኪናው አንድ ሰዓት አካባቢ ይነሳል። ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ትወርዳላችሁ። በእጃችሁ የቀረው ስድስት ሰዓት ነው፤ ከእሱ ላይ ለምሳና ለማረፍ አንድ ሰዓት ተኩል ቀንሱ። ሦስት ሰዓት ከሄዳችሁ በኋላ ጫፉ ላይ ባትደርሱም ተመለሱ። ተራራው የትም አይሄድም፣ ሚኒባሱ ግን ይሄዳል።

ቀኑን መምረጥ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። መስከረም ላይ አደይ አበባ አለ፣ ፏፏቴው ሙሉ ነው፣ ጭቃው ግን ገና አልደረቀም። ለእኔ ምርጡ ጥቅምትና ኅዳር ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ እህሉ ማሳ ላይ ነው። ጠዋት ውርጭ ስላለ ጃኬት ያዙ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ይለፏችሁ። ጉሙ ያለፋችሁበትን ጎዳና እንኳ ይሸፍነዋል።

ዋዜማውን ስለ ጸጥታው ጠይቁ። ይህን ነጥብ አትዝለሉት። ባለፉት ዓመታት ከከተማ ወጣ ያሉ መስመሮች የሚዘጉባቸው ጊዜያት ነበሩ። በመስመሩ የሚመላለሱ ሾፌሮችና ረዳቶች ወሬውን ከማንም ቀድመው ይሰማሉ። «ነገ መስመሩ ሰላም ነው?» በሏቸው። ካመነቱ ቅሩ። ኬላ ላይ ስለሚጠየቅ መታወቂያ መያዝም አይረሳ።

መጫኛውንም በዚያው አረጋግጡ። በጥቅሉ የአምቦ መስመር ከአስኮ፣ የወሊሶና የጅማው ከአየር ጤና፣ የደብረ ብርሃኑ ከላምበረት፣ የቢሾፍቱና የአዳማው ከቃሊቲ ነው። ግን ቦታው አንዳንዴ ይቀያየራል። ጠዋት በጨለማ ከአንዱ መናኸሪያ ወደ ሌላው መሮጥ ቀኑን ይበላዋል።

የሚያዘው ዕቃ ብዙ አይደለም። ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውሃ፣ ቆሎ ወይም ዳቦ ቆሎ፣ ኮፍያ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሶሉ ያልተላጨ ጫማ ይበቃል። ዝርዝር ብር ያዙ። ረዳቱ መልስ የለኝም ካላችሁ ክርክሩ ከጉዞው ይረዝማል። የእረኛ ውሾች ስላሉ ዱላ አይከፋም። በእነዚህ አካባቢዎች አብዛኛው ሰው አፋን ኦሮሞ ይናገራል፤ «አካም ጅርቱ?» ብሎ ሰላምታ መስጠት ብዙ በር ይከፍታል።

ለመለማመጃ እንጦጦ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንጦጦ የተሻለ ቦታ የለም። መመለሻው አያስጨንቅማ። ከአራት ኪሎ ወይም ከስድስት ኪሎ የሽሮ ሜዳ ታክሲ ያዙ። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣ ሌላ ታክሲ አለ። ጉልበታችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ ግን የሸማ ሱቆቹን አልፋችሁ ዳገቱን በእግር ጀምሩት። ጠዋት ላይ በዚያ መንገድ ለሩጫ የወጡ ሰዎች አይጠፉም።

የተራራው አናት ወደ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። ለከተማው ነዋሪ ትንፋሽ ቢያጥርም ይቻላል። ከዱባይ ወይም ከቴል አቪቭ ለዕረፍት የመጣ ዘመድ ይዛችሁ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይረፍ። ባሕር ዳርቻ የለመደ ሳንባ በአንድ ቀን እዚህ ከፍታ ላይ ሲወጣ ራስ ምታት የተለመደ ነው።

እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የነገሡበት ቤተ ክርስቲያን ነው። የጭቃና የእንጨት ቤተ መንግሥታቸው እዚያው አጠገብ አለ። ከዚያ በሸንተረሩ ላይ ወደ ራጉኤል መሄድ ነው። በደቡብ በኩል የሚወርደው ዝናብ ወደ አዋሽ፣ በሰሜን በሱሉልታ በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። አንድ እግራችሁን እዚህ አንዱን እዚያ አድርጋችሁ ፎቶ መነሳት ትችላላችሁ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተሠራ የእግር መንገድ አለው፤ ለልጆች ይመቻል። ባሕር ዛፉ ውስጥ ግን ለብቻችሁ ራቅ አትበሉ፤ ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ አይጠፉም። ሰው በሚበዛበት መንገድ፣ በቡድን ሁኑ።

ደብረ ሊባኖስ፦ ሙሉ ቀን የሚገባው

ከሁሉም አስበልጬ የምመክረው ይሄን ነው። በጎጃም መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የፍቼን ወይም ከዚያ አልፎ የሚሄድ መኪና ያዙ። ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከጡሪን ያልፋል። መገንጠያው ከፍቼ በፊት ስለሆነ ስትሳፈሩ ለረዳቱ «ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ላይ እወርዳለሁ» በሉት። የፍቼን ሙሉ ሂሳብ ቢጠይቃችሁ አትገረሙ፤ የተለመደ ነው። በቀኝ በኩል ሜዳው ድንገት ተቆርጦ ገደል ሲጀምር «ወራጅ አለ» ለማለት ተዘጋጁ።

ከወረዳችሁ በኋላ መጀመሪያ የፖርቹጋል ድልድይ ወደሚባለው ሂዱ። ከመንገዱ አጭር የእግር ጉዞ ነው፤ የአካባቢው ልጆች ይመሯችኋል፣ ትንሽ ክፍያም አለ። ስሙ የፖርቹጋል ይሁን እንጂ የአሁኑን ድልድይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራስ ዳርጌ እንዳሠሩት ይነገራል። ውሃው ከድልድዩ ሥር አልፎ ወደ ገደሉ ይወረወራል። በመስከረም ያስፈራል፣ በጥር ጠብታ ብቻ ነው።

ከገደሉ አፋፍ ሳትርቁ ጭላዳዎቹን ፈልጉ። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዱር የትም አይገኝም። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራል፣ ፀሐይ ስትሞቅ ሜዳው ላይ ወጥቶ ሣር ይግጣል። ስለዚህ ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል። አትቅረቧቸው፣ አትመግቧቸው። ዝም ብላችሁ ቁጭ ካላችሁ እነሱ ራሳቸው እየጋጡ ወደ እናንተ ይጠጋሉ። ቀና ብትሉ ደግሞ አጥንት ከሰማይ ድንጋይ ላይ ጥሎ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራ ልታዩ ትችላላችሁ።

ከዚያ በመኪናው መንገድ ወደ ገዳሙ ውረዱ። አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቁልቁል። ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ይሞቃል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱት ገዳም ነው። ግንቦት 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ መነኮሳቱንና ምእመናኑን ያስፈጀውም እዚሁ ነው። የአሁኑ ቤተ ክርስቲያን ባለቀለም መስኮቶች የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ናቸው፤ ፀሐይ ስትመታቸው ማየት ነው። ሴቶች ነጠላና ረዥም ቀሚስ ይያዙ። ጉልበት ከተረፋችሁ ወደ ጻድቁ ዋሻ የሚወስደው መንገድ ከገዳሙ በላይ ይወጣል፤ ጸበልም አለ።

አሁን ሰዓቱን ተመልከቱ። የወረዳችሁት ሁሉ መልሶ ዳገት ነው። ለመውረድ አንድ ሰዓት ከፈጀባችሁ ለመውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። መገንጠያው ላይ ደግሞ ከፍቼ የሚመጡ መኪኖች ብዙ ጊዜ ሞልተው ነው የሚያልፉት። እዚያ ቆሞ እጅ ከማውለብለብ ወደ ፍቼ የሚሄደውን መኪና ይዞ ከመናኸሪያው ወንበር መያዝ ይሻላል። ወደኋላ የሄዳችሁ ይመስላል፣ ግን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ትገባላችሁ።

መንገድ ስትጠይቁ አንድ ነገር ልብ በሉ። ገበሬው «ቅርብ ነው፣ እዚችው ናት» ካላችሁ ለእሱ እግር ነው። «ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያም በእጥፍ አስቡት።

ወንጪና ዝቋላ

ወንጪ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ በሕዝብ መኪና አይመከርም። ይቻላል የሚሏችሁ ይኖራሉ፣ ግን ሐይቁን ለማየት ሃያ ደቂቃ ነው የሚተርፋችሁ። ዓርብ ማታ አምቦ ወይም ወሊሶ እደሩ፤ ወንጪ በሁለቱ መካከል ነው። ጠዋት ከዚያ የሚወጣ መኪና ያዙ። አናቱ 3,386 ሜትር ይደርሳል። ከአፋፉ እስከ ሐይቁ በእግር ውረዱ፣ ጀልባ ይዛችሁ ደሴቱ ላይ ያለውን ቂርቆስ ተሳለሙ፣ ዳገቱን ከፈለጋችሁ በፈረስ ተመለሱ። የፈረሱን ዋጋ ከመጫናችሁ በፊት ተስማሙ።

ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም አለ። በቢሾፍቱ በኩል ይደረሳል። በአዘቦት ቀን ከቢሾፍቱ ወደ ተራራው ግርጌ የሚሄደው መኪና ጥቂት ነው። በአቦ ክብረ በዓል፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፣ ግን መንገዱ በመኪና ይሞላል፤ ስለ መመለሻ አትጨነቁም። የዚያ ዋጋው ግርግር ነው። ብቸኝነትን የምትፈልጉ ከሆነ ከበዓሉ ቀናት ራቁና ወደ ግርጌው የሚያደርስና የሚመልስ መኪና ከቢሾፍቱ ተከራዩ፤ አምስት ሆናችሁ ካዋጣችሁ ብዙ አይከብድም። ሐይቁ የተቀደሰ ነውና ልብስ አውልቆ መዋኘት የለም። ለመዋኘት ከሆነ ቢሾፍቱ ሐይቅ አያጣም።